ከዲላ እስከ ባሕር ሥር፤ መውረዱስ ይሁን፥ መውጣቱ ነው!

አንባቢ ሆይ፤ የዲላ ሰው ከሆኑ መውጣትና መውረድ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምርዎ አይችልም። ሌሊት ከቡሌ ደጋ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ ሰው ዲላ ገበያ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ከዲላም ወደ አባያ ሜዳ ቢቀጥል ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። የጌዴኦ አገር እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀን መንገድ ደጋውንም፥ ወይና ደጋውንም፥ የቆላውንም ጫፍ ያሳያል። ዛሬ የምናጫውትዎ ግን ከዚህ ሁሉ ስለሚርቅ ቁልቁለት ነው። ይህ ቁልቁለት ባሕር ዳር ሲደርሱ አያበቃም፤ አየር በጀርባ ተሸክመው፥ በሩቅ ደሴት አጠገብ፥ እስከ ባሕሩ ሆድ ድረስ ይወርዱበታል። ፈረንጆች «ስኩባ» ይሉታል፤ ለዕረፍት ጊዜያቸውም ከሚመርጡት መዝናኛ አንዱ ነው።

«ታዲያ ይህ የፈረንጅ ጨዋታ አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ድሮ እንደዚያ ነበር። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዛንዚባር ወይም ሲሼልስ ለመድረስ የግማሽ ቀን ጉዞ ይበቃል፤ ጅቡቲማ ጎረቤት ናት። የቡናው ዋጋ ደኅና በሆነበት ዓመት ከነቤተሰቡ ባሕር አይቶ የሚመለስ የአገራችን ሰው እየበዛ ነው። ዳሩ ግን ለደገኛ ሰው ይህ ጨዋታ ለባሕር ዳር ሰው የማያስፈልግ አንድ ብልሃት ይጠይቃል፤ ያንን ሳያውቁ ሄዶ መመለስ ሕይወትን እስከ መንካት የሚደርስ አደጋ አለው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም እርሱ ነው።

በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ መቸም የታወቀ ነው፤ «አባያ እዚሁ እያለ እስከ ባሕር ድረስ ምን አደከመን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ቀን ከጌዴኦ ኮረብታ ላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ስፋቱ ከአንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይህን የሚያህል የለም። ደሴትም አለው። ጊዲቾ በምትባለው ደሴትና በአካባቢዋ ባይሶና ሃሮ የሚባሉ፥ ቋንቋቸው የተለያየ ሁለት ሕዝቦች ይኖራሉ። ባይሶዎቹ በሽመና፥ ሃሮዎቹ ደግሞ በዓሣ ማጥመድና ቀድሞ በጉማሬ አደን የታወቁ ናቸው። የሚቀዝፉትም በውሃ ላይ እንደ ቡሽ ከሚንሳፈፍ ቀላል እንጨት አስረው በሚሠሩት ታንኳ ነው። ሩቅ ደሴት ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎትዎ፥ ከጊዲቾ የበለጠ መሄድ አያሻዎትም።

ነገር ግን አባያ መጥለቂያ አይደለም። አንደኛው ምክንያት አዞ ነው፤ ሁለተኛውም አዞ ነው፤ ሦስተኛው ጉማሬ ነው። አዞውና ጉማሬው ባይኖሩ እንኳ ውሃው ራሱ አያስጠልቅም። ወንዞች ከደጋ ይዘውት የሚወርዱት ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ የሐይቁ መልክ ቀይ ቡናማ ነው፤ ክንድዎን እስከ ትከሻዎ ቢያስገቡ ጣትዎን አያዩትም። (በነገራችን ላይ፥ የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱን፥ ቡናውንና ትልልቁን ዛፍ ደራርቦ በመትከል ቀጥ ያለውን ዳገት አፈሩ እንዳይሄድበት አድርጎ ይዞታል፤ ይህም አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በአባያ ዙሪያ ያለው ዳገት ሁሉ እንዲህ ቢያዝ ኖሮ የሐይቁ ውሃ ምን መልክ ይኖረው ነበር እያልን እናስባለን።)

ጠላቂ የሚፈልገው ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ እርሱም ያለው በባሕር ነው። ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች ቁጥራቸው ከመቶ ይበልጣል፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር እስከሆነችበት ጊዜ ድረስ የኢትዮጵያ ካርታ እነርሱንም ይጨምር ነበር። የዳህላክ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዕንቁ ፍለጋ ይጠልቁ ነበር፤ ያውም ምንም መሣሪያ ሳይኖራቸው፥ በአንድ ትንፋሽ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 እና በ1953 ደግሞ የኢጣልያ ጠላቂዎች ጓድ ወደነዚሁ ደሴቶች መጥቶ የባሕሩን ሥር በፊልም አነሣ። ፎልኮ ኩዊሊቺ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ1954 «ስድስተኛው አህጉር» ተብሎ ለሕዝብ ታየ። ዓለም ስለ ቀይ ባሕር ሥር ውበት ብዙውን የሰማው በዚያ ዘመን ነው።

ዛሬ ለእኛ የሚቀርበው ጅቡቲ ነው። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፥ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ሁለት ዝቅ ያሉ ደሴቶች ተኝተዋል። ጀልባ ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሳል፤ ለጀማሪ የሚስማማውም ይኸው ነው። ከዚህ እጅግ ራቅ ብለው፥ በባብ ኤል መንደብ በር አጠገብ፥ «ሰባቱ ወንድማማቾች» የተባሉት ደሴቶች አሉ። ስማቸው ሰባት ይበል እንጂ ደሴቶቹ ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛው ወንድም ከየብስ ጋር የተያያዘ ኮረብታ ነው። በዚያ ሆቴል የሚባል ነገር የለም፤ ጠላቂዎቹ ለቀናት የሚያድሩት በመርከብ ላይ ነው። የውሃው ሞገድ ኃይለኛ ስለሆነ ግን ቦታው ለሠለጠነ ሰው እንጂ ትናንት ለጀመረ አይሆንም።

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አንድ ሌላ እንግዳም አለው። «ዌል ሻርክ» የሚባለው፥ ከዓሣ ወገን በዓለም ላይ ትልቁ የሆነው ፍጥረት፥ በአርታ ዳርቻ አጠገብ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ይሰበሰባል። ወደዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ግልገሎች ናቸው፤ ግልገል ሲባል ግን ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል መሆኑን ልብ ይበሉ። ስሙ ሻርክ ስለሆነ አይደንግጡ፤ የሚበላው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ፍጥረቶች ነው። ወደ ውሃው ገጽ ቀርቦ ስለሚዋኝም እርሱን ለማየት አየር መሸከም አያስፈልግም፤ መነጽርና ትንሽ የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። ችግሩ የእኛ ነው፤ ወራቱ በጌዴኦ ቀዩ ፍሬ ከሚለቀምበት ጊዜ ጋር ይጋጫል። ቡና ነጋዴ ከጥር በፊት ከዲላ መንቀሳቀስ እንደማይችል እናውቃለንና፥ በወራቱ መጨረሻ እንዲደርሱ እንመክራለን።

ከባሕር ሥር ምን ይታያል? የመጀመሪያው ነገር ቀለም መጥፋቱ ነው። የበሰለ የቡና ፍሬ በእጅዎ ጨብጠው ቢወርዱ፥ አሥር ሜትር ያህል ሲደርሱ መዳፍዎን ቢከፍቱት ቀይነቱ ጠፍቶ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል፤ ውሃ ከብርሃን ሁሉ አስቀድሞ ቀዩን ይውጣልና። መብራት ቢያበሩበት ግን ቀዩ ወዲያው ይመለሳል። ድምፅም እንዲሁ ግራ ያጋባል፤ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት ጊዜ በላይ ስለሚፈጥን የጀልባው ሞተር ከቀኝ ይምጣ ከግራ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በመነጽሩ በኩል ዓሣው ሁሉ ከልኩ ይበልጥ ትልቅና ቅርብ መስሎ ይታያል፤ «ይህን የሚያህል ዓሣ አየሁ» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ጠላቂ ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም ማለት ነው።

ዛፍ ወይም ድንጋይ የሚመስልዎ ኮራል፥ አንዳንዶች መርጃን የሚሉት፥ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን እንስሳት እያንዳንዳቸው ትንሽ የኖራ ቤት ሠርተው፥ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ፥ ይህን ሁሉ ከተማ ሠርተውታል። እግርዎ ቢረግጠው የብዙ ዓመት ሥራ ይፈርሳል። በዚያ መካከል የበቀቀን አፍ የመሰለ አፍ ያለው ዓሣ ኮራሉን እየቆረጠመ ይበላል፤ የቆረጠመውም ድንጋይ በሆዱ ተፈጭቶ ነጭ አሸዋ ሆኖ ይወጣል። በደሴቱ ዳር በባዶ እግርዎ ከሚረግጡት ለስላሳ አሸዋ ከፊሉ የመጣው ከዚህ ዓሣ ሆድ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ እጅግ ይስቃሉ። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው የባሕር ጃርት ነው፤ እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራልና ያለ ጫማ በድንጋዩ ላይ አይራመዱ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጀመሪያ፥ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፥ ዣክ ኢቭ ኩስቶ የተባለው የባሕር ኃይል መኮንንና ኤሚል ጋኛን የተባለው መሐንዲስ ተገናኙ። ጋኛን ቤንዚን በጠፋበት በዚያ ዘመን መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ይህንኑ አሻሽለው፥ ሰው በሳበ ጊዜ ብቻ፥ በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር የሚሰጥ አደረጉት። በጀርባ ያለው ሲሊንደር የሚይዘው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ንጹሕ ኦክሲጅን ሳይሆን፥ የታመቀ ተራ አየር ነው። ኩስቶ በ1963 ከጅቡቲ በስተሰሜን፥ በሱዳን ባሕር ሻዓብ ሩሚ በተባለ ቦታ፥ አምስት ሰዎችን በአሥር ሜትር ጥልቀት በተሠራ ቤት ውስጥ አንድ ወር አኑሯል።

ትምህርቱ ጥቂት ቀናት ይፈጃል። ጀማሪ እስከ 18 ሜትር ይፈቀድለታል፤ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻው ወሰን 40 ሜትር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዋና ይማሩ፤ ለዚህ ከዲላ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የድሮው መንገድ ላይ ያለው ላንጋኖ ይበቃል፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ለዋና የታወቀ ነው። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። ጉንፋን የያዘውም ይቆይ፤ ሲወርዱ ጆሮን የሚጫነውን ግፊት አፍንጫን ይዞ በመንፋት ማስተካከል አለ፤ አፍንጫ ከተዘጋ ይህ አይሆንም።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መውረድ ቀላል ነው፤ ሰውን የሚጎዳው መውጣቱ ነው። በየአሥሩ ሜትር ጥልቀት አንድ ሙሉ የአየር ክብደት፥ ማለት በባሕር ዳር ከላይ የሚጫነንን ያህል፥ ይጨመራል። በሃያ ሜትር ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ግፊት የተነፈሱት አየር ወደ ላይ ሲወጡ ይለጠጣል፤ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚል ነው።

ሁለተኛው ተንኮል ረቂቅ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ናይትሮጅን ነው። ግፊት ሲበዛ ይህ ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ያስቡ፤ እንደ ተከደነ ምንም አይታይበትም፤ በድንገት ሲከፍቱት ግን ይንፈቀፈቃል። ቶሎ የወጣ ጠላቂም ደሙ እንዲሁ ነው። አረፋው በመገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ከባድ ሕመም፥ በአከርካሪ ላይ ሲያርፍ ሽባነት ያመጣል። ይህ በሽታ መጀመሪያ በሰፊው የታወቀው ባሕር በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው፤ ለድልድይ መሠረት በወንዝ ሥር፥ የታመቀ አየር በሞላው ትልቅ ሣጥን ውስጥ ሲቆፍሩ የዋሉ ሠራተኞች ነበሩ። የኒው ዮርክን የብሩክሊን ድልድይ የሚያሠራው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በ1872 በዚሁ በሽታ ተመትቶ ከአልጋ ቀርቷል።

መድኃኒቱን ያሳዩት ፍየሎች ናቸው። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሊቅ ፍየሎችን በብረት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ግፊቱን እየጨመረና እየቀነሰ ተመለከታቸው፤ የታመመችው ፍየል አንድ እግሯን አንጠልጥላ ትቆማለች። ከዚያ ተነሥቶ በ1908 ጠላቂ ደረጃ በደረጃ፥ እያረፈ የሚወጣበትን ሠንጠረዥ አወጣ። የዛሬው ጠላቂ በደቂቃ ከዘጠኝ ሜትር ሳይበልጥ በቀስታ ይወጣል፤ አምስት ሜትር ሲቀረው ሦስት ደቂቃ ይቆማል። ለባሕር ዳር ሰው መውጣቱ ራሱን ከውሃው ባወጣ ጊዜ አለቀ።

ለእርስዎ ግን አላለቀም! ከባሕር ዳር እስከ ዲላ ገና ወደ 1,570 ሜትር፥ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ይቀርዎታል። ይህን ለማመን ጀበናዎን መመልከት ነው። በባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በዲላ በ95 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ በቡሌ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የሚጫነው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ነው፤ በአዲስ አበባ የባሕር ዳሩ ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ይቀራል። በባሕር ዳር በቀስታ ተከፍቶ ጸጥ ያለው የአምቦ ውሃ ደጋ ሲወጣ እንደገና ይንፈቀፈቃል ማለት ነው።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እንደ ባሕር ዳር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር የሳሳ ነው። ከሲሼልስ ወደ ሞምባሳ የሚበር ሰው ሲያርፍ የባሕር ዳሩ ግፊት ይመለስለታል። አዲስ አበባ የሚያርፍ ግን ያው የሳሳው አየር ይቀበለዋል። በአንዳንድ አዳዲስ አውሮፕላኖችማ ነገሩ ያስቃል፤ የውስጣቸው አየር እንደ 1,800 ሜትር ስለሆነ፥ አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ ሲወርድ ተሳፋሪው «ይወጣል»።

«እንግዲያውስ በባቡር እመለሳለሁ» ብለው አይዘናጉ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የጅቡቲ ባቡር ከባሕር ዳር ተነሥቶ ድሬ ዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ ከዚያም አዲስ አበባ እስኪደርስ ገና ሌላ ሺህ ሜትር ይወጣል። መኪናውም ያው ነው። ተራራ መውጣትና መብረር ለደምዎ አንድ ናቸው።

የጠላቂዎች ደኅንነት ባለሙያዎች የሰጡት ልክ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆይ። በጥልቅ ውሃ ብዙ ቆይቶ እያረፈ ለመውጣት የተገደደ ከዚህም ይበልጥ ይጠብቅ። እኛ ደግሞ ለዲላ ሰው ሙሉ ቀንና ሌሊት ይሁን እንላለን። አንድ ቀን የሆቴል ክፍያ ነው፤ እርሱን ለማትረፍ ብሎ እግርን መሰዋት ምን ይባላል?

ቤትዎ ከገቡ በኋላ ትከሻ ወይም ጉልበት ቢቆረጥምዎ፥ እጅ እግርዎ ቢደነዝዝ፥ ቢያዞርዎ ወይም ሽንት ቢያስቸግርዎ «የመንገድ ድካም ነው» ብለው አይተኙ። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሄደው ከሁሉ አስቀድሞ «ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር» ይበሉ፤ ካልተናገሩ በደጋ አገር ማን ይጠረጥራል? የመጀመሪያው ርዳታ ንጹሕ ኦክሲጅን መተንፈስ ነው፤ ፈውሱ ግን ሰውየውን ግፊት ባለው ክፍል አስገብቶ እንደገና «አውርዶ» በቀስታ ማውጣት ነው። የጠለቁበትን ቀን፥ ጥልቀቱን፥ የቆዩበትን ደቂቃና ከውሃ የወጡበትን ሰዓት በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ።

በዚያ በመጠበቂያው ቀን ምን ይሠራል? ጅቡቲ ከሆኑ፥ በየመኖች አሠራር ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይብሉ፤ ከባሕር ዳር ሳይርቁ መርከቦቹን ይመልከቱ። ጀበናና የይርጋጨፌ ቡና ይዘው ከሄዱም እዚያው አፍሉት፤ በመቶ ዲግሪ የፈላው ቡና ከዲላው ይሻል ወይም ያንስ እንደሆነ ቀምሰው ይጻፉልን።